የመስቀል ወፍ ዓመቱን ሙሉ የት ትከርማለች? በቀበና ወንዝ ዳር ወቅቶችን እየተከተልኩ የተማርኩት

ዘመድ ከርሞ ከርሞ ድንገት ደጃፍ ላይ ብቅ ሲል «ምነው፣ እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቻ?» ብሎ መውቀስ በቤታችን የኖረ ልማድ ነው። እኔም ይህን አባባል ስሰማውና ስናገረው አርባ ዓመት አልፎኛል፤ ይሁን እንጂ ወፏ ከአንዱ መስቀል እስከ ሌላው ባሉት ወራት የት እንደምትከርም አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጥያቄው የመጣብኝ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መሥሪያ ቤታችን ሠራተኞቹን በፈረቃ ያሠራ ስለነበር፣ ተረኛ ባልሆንኩባቸው ቀናት ከምኖርበት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቼ የቀበናን ወንዝ ይዤ ወደ እንጦጦ ሽቅብ መሄድ ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ ባባራበት ሰዓት፣ በወንዙ ዳር እስከ ወገብ ባደገ ሣር ላይ አንዲት ጥቁር ወፍ ላባዋን ነፍታ፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ ድቡልቡል ብላ፣ ክንፏን እያርገበገበች ዝቅ ብላ ስትበር አየሁ። ትከሻዋና የጀርባዋ ግርጌ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነበር። የመስቀል ወፍ ናት። ነገር ግን መስቀል ሊደርስ ገና ከሁለት ወር በላይ ይቀረው ነበር።

በዓመት አንዴ ብቅ ትላለች የምንላት ወፍ በሐምሌ ምን ትሠራለች? ከየት መጣች? መቼስ ትሄዳለች? መልሱን ለማግኘት ወራት ወሰደብኝ፤ ባገኘሁት ጊዜ ግን ከወፏ ጋር ወንዙን፣ ሣሩን፣ ዛፎቹንና በየወቅቱ የሚመጡትን እንግዶች ሁሉ ለምጃቸው ነበር። ይህን የምጽፈው በሰፈሩ ያለውን የዱር ሕይወት በወቅቶች ዑደት ውስጥ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ እኔ ብዙ ባዝኜ የደረስኩበትን በአጭር መንገድ እንዲደርስበት ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት የተማርኩት ቦታ መምረጥን ነው። ተፈጥሮን ለማወቅ ራቅ ወዳለ ደን መሄድ የግድ ይመስለኝ ስለነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጽድ ዘር እንደለማ ወደሚነገርለት ወደ መናገሻ ሱባ ደንም፣ ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም ሄጃለሁ። ሁለቱም ታይተው የማይጠገቡ ናቸው፤ ጉሬዛን ከቅርብ ያየሁትም በመናገሻ ነው። ሆኖም አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር እንደ መንገድ ላይ ሰላምታ ነው፤ ፊቱን ያሳያል እንጂ ጠባዩን አያስታውቅም። በዚያ ያየሁት ዛፍ ከሁለት ወር በኋላ አበባ ያወጣ አያውጣ፣ ያየኋት ወፍ ትቆይ ትሂድ ላውቅ አልቻልኩም። ስለዚህ ወደ ቀበና ተመለስኩና ከእንጨት ድልድዩ እስከ አንድ አሮጌ ጽድ ያለውን፣ በእርምጃዬ አራት መቶ የሚሆን ወንዝ ዳር ብቻ ለራሴ መደብኩ። በዚህ ቁራጭ መሬት ላይ ወራጅ ውኃ፣ ረጅም ሣር፣ ጥቂት አገር በቀል ዛፎችና የባሕር ዛፍ ጫፍ ይገኛሉ። ለጀማሪ ከዚህ የሚሰፋ ቦታ አልመክርም። በሳምንት ሁለት ጊዜ በእግር የሚደረስበት ጠባብ ቦታ በዓመት ሁለት ጊዜ በመኪና ከሚደረስበት ትልቅ ደን ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ደብተሩ ነው። የባሕረ ሐሳቡን አራት ወቅቶች ለደብተሬ ክፍል አድርጌ ያዝኳቸው፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፣ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከዚያም እስከ ሰኔ 25 ጸደይ። ይህ አከፋፈል ከደጋችን ዝናብና አበባ ጋር እጅግ ተስማምቶ ስላገኘሁት፣ በአውሮፓ ወቅቶች ከተጻፉ መመሪያዎች ጋር የሚታገለው ሰው ሁሉ ቢሞክረው እወዳለሁ። በእያንዳንዱ ጉብኝት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ያየሁትንና ያ ያየሁት ነገር ሲያደርግ የነበረውን እጽፋለሁ፤ የምጽፈውም በእርሳስ ነው፤ ምክንያቱም የእስክሪብቶ ቀለም በሐምሌ ካፊያ ታጥቦ አንድ ሙሉ ወር አጥፍቶብኛል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የጠፋውን መመዝገብ ነው። «ዛሬ ጥቁሯ ወፍ የለችም» የሚል አንድ መስመር «ዛሬ አለች» ከሚለው እኩል ዋጋ አለው፤ የእኔም ጥያቄ በመጨረሻ የተፈታው በእንዲህ ያሉ መስመሮች ነው።

ምዝገባን በክረምት መጀመር ለብዙዎች እንግዳ ሐሳብ እንደሆነ አውቃለሁ። ጭቃው ያስቸግራል፤ ወንዙም ደፍርሶ ሲሞላ ዳሩን መጠጋት አደገኛ ነው። ነገር ግን በደጋው ሕይወት የሚበረታው በዚህ ጊዜ ነው። ጃንጥላ ይዤ ከሣሩ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ እየተቀመጥኩ ያቺን ጥቁር ወፍ ሳጠና፣ መጀመሪያ የተረዳሁት «እሷ» ያልኳት ወንድ መሆኑን ነው። እንስቷ ቡናማ፣ ጥቁር ሰረዝ ሰረዝ ያለባት፣ ከድንቢጥ በቀላሉ የማትለይ ናት። ወንዱ በረጃጅም ሣሮች መካከል በጎን በኩል መግቢያ ያለው ሞላላ ጎጆ ይሸምናል። እንስቷ መጥታ ከወደደችው ውስጡን በለስላሳ ነገር ታነጥፋለች፤ እንቁላሉን የምትታቀፈውም እርሷ ብቻ ናት፤ ወንዱ ወደ ሌላ ጎጆ ሽመና ይሻገራል። ያ ሁሉ መነፋፋትና መርገብገብ ለመስቀል በዓል የተደረገ ሳይሆን፣ ሣሩ ረጅምና ዘር የሚያፈራ በሚሆንበት ወቅት የሚደረግ ጋብቻ ነው።

በዚያው ክረምት ሌላ ጎረቤትም ተዋወቅሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በማለዳ ጣራ ላይ እየጮኸች ሰው የምትቀሰቅሰውን፣ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ ምንቃር ያላትን ትልቅ ወፍ የማይሰማ የለም፤ ስሟን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በእንግሊዝኛ ዋትልድ አይቢስ ይሏታል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ የትም አትገኝም። ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው ከስምንት እስከ አሥር ሆነው ወደ ሣሩ ይወርዱና፣ ምንቃራቸውን እስከ ሥሩ እየሰኩ የምድር ትል ያወጣሉ። ከቅርብ ለሚያያት ከጉሮሮዋ ሥር የተንጠለጠለች ቀጭን ሥጋ አለቻት፤ ስሟም የመጣው ከዚያች ነው። መላው ዓለም እርሷን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል፤ እኛ ግን ድምጿን ስንረግም እናድራለን። ይህን ካወቅሁ በኋላ ማለዳ ስትጮህ ሰምቼ ተበሳጭቼ አላውቅም።

የዕፅዋቱን ስም ያስተማሩኝ በድልድዩ አጠገብ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። እማማ በወጣትነታቸው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው እያወረዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸውና፣ ዛፍን የሚያውቁት በጀርባቸውና በምድጃቸው ነው። «ልጄ፣ ወይራ ፍሙ ያድራል፤ ባሕር ዛፍ ግን ቦግ ብሎ ይከዳሃል» ብለው ነበር የጀመሩልኝ። ግራዋ ጋን የሚታጠብበት፣ ጥንጁት ጋን የሚታጠንበት፣ ዳማከሴ ለምች የሚታሽ መሆኑን እየነገሩኝ ቅጠሉን በእጄ ላይ ያሹልኝ ነበር፤ እኔም በሽታ ያወቅሁትን ተክል ረስቼው አላውቅም። በሐምሌ የሳማን ቀንበጥ በጨርቅ ይዘው ሲለቅሙ አይቼ ስጠይቃቸው፣ ለጾም ወጥ እንደሚሆን አስረዱኝ፤ ይህ የደጋ ሳማ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል መሆኑን እኔ ስነግራቸው ደግሞ «ታዲያ ሌላው ሰው በምን ይጾማል?» ሲሉ በእውነት ተገርመው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ አዋቂ ሰው የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። እንጨት የለቀሙ፣ ከብት የጠበቁ፣ ቀፎ የሰቀሉ ሰዎችን ፈልጎ አጠገባቸው መቀመጥ ከማንኛውም መጽሐፍ በፊት መደረግ ያለበት ነገር ነው።

የእነዚህን ሰዎች ዕውቀት እንደ ተረት የሚቆጥር ሰው ቢኖር የእንዶድን ታሪክ ያስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ የብልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ነበር ወደ ትልቁ ግኝት የመራቸው። እንዶድ በእኔ ወንዝ ዳርም አለ፤ በቁጥቋጦው ላይ እየተንጠላጠለ ይወጣል፤ በወንዝ ዳር የሚያጥቡ ሰዎችና የሞቱ ቀንድ አውጣዎች የስንት ሰው ዓይን ሥር እንዳለፉ ባሰብኩ ቁጥር ደብተሬን በጥንቃቄ እይዛለሁ።

ወደ ወፉ ልመለስ። በነሐሴ መጨረሻ አራት ጎጆዎች በደብተሬ ላይ ተመዝግበው ነበር፤ በጳጉሜን 3 ቀን ስሄድ ሣሩ የለም። ለእንቁጣጣሽ የሚጎዘጎዘውን እርጥብ ሣር አጭደው የሚሸጡ ወጣቶች ሌሊት ገብተው ነበር። አንዱ ጎጆ ከታጨደው ሣር ጋር መሬት ላይ ወድቆ፣ ውስጡ ሁለት ጫጩቶች፣ ላባ ያላወጡ፣ ገና ዓይናቸው ያልተገለጠ ነበሩ። እንስቷ ምግብ ይዛ ባዶው ቦታ ላይ ስትዞር አይቼ አዝኜ ተመለስኩ። በወጣቶቹ ግን አልፈርድም፤ ሣሩ የዓመት በዓል እንጀራቸው ነው፤ ጎጆውንም በጨለማ አላዩትም። በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ አጋማሽ ፈልጌ አግኝቻቸው ጎጆዎቹን በቀን ብርሃን አሳየኋቸው። ከወንዙ መታጠፊያ ያለውን፣ ምናልባት አምስት ሸክም የሚወጣውን ሣር እስከ መስከረም መጨረሻ ሊተዉልኝ ተስማሙ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። እስካሁን በየዓመቱ ያቺ ጥግ ትቀራለች። እናንተም በሰፈራችሁ ተመሳሳይ ነገር ከገጠማችሁ ከመቆጣት በፊት ጎጆውን አሳዩ።

መስከረም ሲጠባ ሁሉም ሰው ዓይኑን ወደ አደይ አበባ ይመልሳል። እኔም መሸከም እስኪያቅተኝ ድረስ ቢጫ አበባ ሰብስቤ ነበር፤ እማማ ግን እቅፌን አይተው «ግማሹ መጭ ነው» አሉኝ። ሁለቱ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም በመስከረም የሚያብቡ ናቸው። ልዩነታቸውን እንዲህ ለዩ፤ የአደይ ቅጠል እንደ ድንብላል ቅጠል የተሰነጣጠቀና ቀጫጭን ነው፤ የመጭ ቅጠል ግን ያልተሰነጠቀ፣ እንደ ጦር ጫፍ ሾጠጥ ያለ፣ ሲዳሰስ ሻካራ ነው። የመጭን አንድ ቢጫ ቅጠል ነቅላችሁ ጫፉን ብታዩት ደግሞ ሦስት ትንንሽ ጥርሶች አሉት። መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ አደይ ደግሞ ልብስ ላይ እየተጣበቀ የሚያስቸግረን የጨጎጊት ዘመድ ነው፤ ለዚህም ነው የጨጎጊትን አበባ ስታዩ አንድ የምታውቁት ፊት ያያችሁ የሚመስላችሁ። እነዚህን ሁለት ነገሮች በእጄ ይዤ ከለየሁ በኋላ በመስከረም ከእንጦጦ ማዶ ያለው የሱሉልታ ሜዳ አንድ ቢጫ ምንጣፍ መሆኑ ቀርቶ፣ የት መጭ የት አደይ እንዳለ ከመኪና መስኮት እንኳ መገመት ቻልኩ።

በዘመነ ጽጌ የዋንዛው ነጭ አበባ ይፈነዳል። አበባው ሳይጠወልግ እንደ ወረቀት መሬት ላይ ስለሚረግፍ፣ የዛፉ ሥር ሠርግ የተደረገበት ድንኳን ይመስላል፤ ንቦቹም ከጠዋት ጀምሮ ሲያጉረመርሙ ይውላሉ። ቀጋም በዚያው አካባቢ በአጥሩ ላይ አለ። ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ ይኸው የእኛ ቀጋ መሆኑን ሳውቅ፣ በልጅነቴ ፍሬውን ለመብላት በእሾሁ የተቧጨርኩበትን እጄን ተመለከትኩ። አንድ የኮሶ ዛፍም ከወንዙ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ኮሶ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ ነው፤ የሴቷ አበባ ቀላ ያለና ከባድ ሆኖ እንደ ወይን ዘለላ ሲንጠለጠል፣ የወንዱ ግን ፈዛዛ ነው። የእኔዋ ሴት ናት።

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ እንግዶች ይገባሉ። ከእነርሱ ለጀማሪ የሚቀለው ጭራዋን ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ የምታደርግ፣ ሆዷ ቢጫ የሆነ ቀጭን ወፍ ናት፤ በከብቶች እግር ሥር እየሮጠች የሚነሡትን ነፍሳት ትለቅማለች። በእንግሊዝኛ የሎ ዋግቴል ትባላለች። በደብተሬ የመጀመሪያዋ የገባችው በ2013 ጥቅምት 1፣ በ2014 መስከረም 27፣ በ2015 መስከረም 29 ነው፤ በሚያዝያ ደግሞ ሁሉም ሄደው ያልቃሉ። እንግዲህ በዓመት መጥታ የምትሄድ ወፍ የሚለው ስም ለአንዲት ወፍ የሚገባ ከሆነ ለዚህችኛዋ ነበር።

የመስቀል ወፉስ? በኅዳር መጀመሪያ ሣሩ ሲደርቅ ጥቁር ላባው እየሳሳ መጣ፤ ከኅዳር 20 በኋላ በደብተሬ ላይ «የለም» የሚል ቃል ብቻ በተከታታይ ሰባት ጊዜ ተጽፏል። ሄዷል ብዬ አምኜ ነበር። ጥር 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን ከድልድዩ ወዲያ ባለው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ የፈሰሰ እህል የሚለቅሙ ሠላሳ ያህል ቡናማ ወፎች አየሁ። ድንቢጦች ናቸው ብዬ ልጽፍ እርሳሴን ሳነሣ ውሻ አለፈና መንጋው በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ያኔ ከቡናማው መካከል በአራት ወይም በአምስት ወፎች ጀርባ ግርጌ ላይ አስኳል የመሰለ ቢጫ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ተመልሰው ሲያርፉ በመነጽር ትከሻቸውን መረመርኩ፤ በክንፉ መጋጠሚያ ላይ ያው ቢጫ አለ። ወፉ የትም አልሄደም ነበር። ጥቁሩን የሠርግ ልብሱን አውልቆ፣ እንደ ሚስቶቹ ቡናማ ለብሶ፣ ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅሎ በጋውን በሙሉ አጠገቤ ነበር፤ ሳልፈው የከረምኩት እኔ ነኝ።

ይህ ወፍ በእንግሊዝኛ የሎ ቢሾፕ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዩፕሌክተስ ካፔንሲስ ይባላል። የመስቀል ወፍ የሚለው ስም ግን በአገሪቱ ሁሉ ለአንድ ዓይነት ወፍ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ዝቅ ባለውና ሞቃት በሆነው ቦታ ቀይና ጥቁር የሚለብሰውን ዘመዱን፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ከገላው የሚረዝም ጭራ የሚያወጣውን ትንሽ ጥቁርና ነጭ ወፍ በዚህ ስም የሚጠሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። በሦስቱም ግን ነገሩ አንድ ነው፤ ወንዱ ለእርባታ ጊዜ ያጌጣል፤ ጊዜው ሲያልፍ ጌጡን ይጥላል። ስለዚህ በሰፈራችሁ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በመስከረም ካያችሁት በኋላ በጥር የቡናማ ወፎችን መንጋ ሳታልፉ አንድ በአንድ መርምሩ።

በጋው በሌላም ነገር ባዶ አይደለም። ኮርች ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ አበባ ያወጣል፤ ወለላውን ለመቅሰም የምትመጣውን፣ ስሟን ከተከዜ ወንዝ ያገኘችውን ተከዜ ሰንበርድ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። ወንዱ በጥላ ሲሆን ጥቁር ብቻ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደረቱ ወይን ጠጅ፣ ራሱ እንደ ነሐስ ይሆናል፤ ስለዚህ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። በባሕር ዛፉ ውስጥ ግን ወፍ ጥቂት ነው፤ ከሥሩም ሌላ ተክል ብዙ አይበቅልም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማችንን ያሞቀና ያበሰለ ዛፍ በመሆኑ ልጠላው አልችልም፤ ልጆችን ይዞ ለሚሄድ ሰው ደግሞ መልካም ትምህርት አለበት፤ የችግኙ ቅጠል ክብና አመድማ ሰማያዊ ሆኖ ሲያድግ ረጅምና እንደ ማጭድ የታጠፈ ይሆናል፤ ሁለቱን ቅጠል ያሳየኋቸው ልጆች ሁሉ ሁለት ዛፍ ነው ብለው ይከራከሩኛል።

ስለ ጸደይ የምለው አጭር ነው፤ የእኔ ቦታ በዚህ ወቅት ዝናብ አንዳንድ ዓመት ያገኛል፤ አንዳንድ ዓመት አያገኝም። ዝናቡ ከመጣ በሚያዝያ፣ ከደረቅ መሬት ውስጥ ቅጠል ሳይቀድመው ቀይ ኳስ የመሰለ አበባ በአንድ ግንድ ላይ ይወጣል። ሁለት ቀን ዘግይቶ የሄደ ሰው ጠውልጎ ያገኘዋል። በከተማው መንገዶች ላይ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ጃካራንዳ ወይን ጠጅ አበባውን ያነጥፋል።

ስለ መሣሪያ ለሚጠይቁኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ያለ መነጽር ነው የሠራሁት፤ በኋላ ያገለገለ ስምንት በአርባ ሁለት የሆነ፣ ማለትም ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ገዛሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያቀርብ እጅ ሲንቀጠቀጥ አያሳይም። በስልክ ላይ አይናቹራሊስት የተባለውን መተግበሪያ እጠቀማለሁ፤ ፎቶ አይቶ ስም ይጠቁማል፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ጥቆማው ከሌላ አህጉር የሆነ ተክል ሆኖ ስላገኘሁት ጥቆማን እንደ ፍርድ አልቀበልም። በጣም ያስቸገረኝን ተክል አበባውን፣ ቅጠሉንና ግንዱን አብሬ ቆርጬ፣ በጋዜጣ መካከል በከባድ መጽሐፍ ተጭኜ፣ ጋዜጣውን በየቀኑ እየለወጥኩ አደርቀዋለሁ፤ የተገኘበትን ቦታ፣ ቀኑንና የአካባቢውን ስም ጽፌ ነው የማስቀምጠው። እንዲህ የተያዘ ናሙና በአራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ፣ ከተቀመጡት ናሙናዎች ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ወፍ ማየት ለሚወዱ ደግሞ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ፤ ከሚያውቅ ሰው ጋር አንድ ጠዋት መዋል ለብቻ ከሚባክን ወር ይበልጣል።

ጥንቃቄውንም ልንገራችሁ። ወደ እንጦጦ ጫፍ ብቻዬን አልወጣም፤ ሲመሽ ጅብ አለ፤ የሰው ጅብም አይጠፋም። የወንዙን ውኃ በእጄ አልነካም፤ ከላይ ከሰፈሮች የሚለቀቀው ቆሻሻ ብዙ ነውና። ስሙን በእርግጠኝነት የማላውቀውን ፍሬ ወይም ቅጠል፣ መድኃኒት ነው ቢሉኝም እንኳ፣ አልቀምስም። ጎጆ ሳገኝ ሣሩን ገልጬ ፎቶ አላነሣም፤ የተገለጠው ሣር ለቁራና ለድመት መንገድ ይሆናልና፤ ከሃያ እርምጃ የማይታየኝ ነገር ሳይታየኝ ይቅር።

አራተኛውን ዓመት በጨረስኩበት በሰኔ 2016 ዓ.ም. እማማን ወደ ወፍጮ ቤቱ ይዣቸው ሄድኩ። ዝናቡ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ከመንጋው አንዱ ወፍ ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ጥቁር፣ እንደ ተጣፈ ጋቢ ዝንጉርጉር ሆኖ አጥሩ ላይ ተቀምጧል፤ ደረቱ ላይ አዲስ ጥቁር ላባ በቡናማው መካከል ብቅ ብቅ ብሏል። መነጽሩን ሰጠኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩትና ወደ እኔ ዞረው፣ «ይሄ የወፍጮ ቤቱ ወፍ አይደለም እንዴ? ጥሬ የምበትንለት?» አሉ። ወፉ በዚያው ቅጽበት ተነሥቶ፣ ቢጫውን አንዴ አሳይቶን፣ ወደ ወንዙ መታጠፊያ፣ ያልታጨደችው ጥግ ወዳለችበት በረረ።